በጆሮ የሚባለው ቃል

እማማ ባዶ ቤታቸው ሲገቡ ሰላምታ ይሰጡ ነበር። ቁልፉን አዙረው፣ ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው፣ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቁ «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ። ከዚያ መልሱን ሰምቶ እንደሚገባ ሰው ትንሽ ቆም ይላሉ። ቡራዩ፣ ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የተከራየሁ ሰሞን ይህን ስሰማ፣ ከውስጥ አልጋ የያዘ ዘመድ ያለ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን የተቃጠለ አምፖል ልቀይርላቸው ተከትያቸው ገባሁ። ፍራሽ፣ ቁም ሣጥን፣ ጥግ ላይ የቆመ መስገጃ፣ ለውዱእ የሚታጠቡበት ማንቆርቆሪያ። ሰው የለም። ጠጉሬ ቆመ።

«እማማ፣ ለማን ነው ሰላም የሚሉት?»

«ለቤቱ።»

«ቤቱ ይመልስልዎታል?»

«ያሉት ይመልሳሉ» አሉና አምፖሉን አቀበሉኝ።

ያሉት እነማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም። ወንበር ላይ ቆሜ ነበር፤ መልሱን ሰምቼ ከምወድቅ አለማወቁ ይሻላል አልኩ። ፈሪ ነኝ፤ ይህን ቤተሰቤ ሁሉ ያውቃል። ምላሴ ረዘም ያለ ስለሆነ ግን ለማያውቀኝ ሰው ደፋር እመስላለሁ።

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው፣ ቅዳሴው መኝታ ቤታችን ድረስ በሚሰማበት ሰፈር። ኪራይ እየገፋን ሲመጣ እናቴ ወንድሜ ቤት ገባች፣ እኔ ቡራዩ ወጣሁ። ሥራዬ ፒያሳ፣ መነጽር ቤት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፊደል አስነብባለሁ። ማታ የአምቦ መንገድ ዳር ከታክሲ ወርጄ፣ የብየዳ ቤቶቹንና ወፍጮ ቤቱን አልፌ ወደ እማማ ግቢ እገባለሁ። እማማ ከጅማ በኩል የመጡ ኦሮሞ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሰበታ አግብታ ትኖራለች። ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ስሮጥ ከበራፋቸው ሆነው «አከም ቡልቴ?» ይሉኛል፤ «ፈያዳ» እላለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ኦሮምኛ አልነበረኝም። የእሳቸውን ሥጋ አልበላም፣ የእኔን ሥጋ አይበሉም፤ ይህ ሁለታችንም ሳንነጋገር የምናውቀው ነው። ስለዚህ በመሃላችን የሚመላለሰው ሳህን ምስር፣ ሽሮ፣ ድንች ነበር። የክርስቲያን ጾም ሲገባ «አንቺ ስትጾሚ የምጠግበው እኔ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሲሰግዱ ፊታቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ጋራው ነው። ከጋራው ማዶ ሱሉልታ አለ። አንድ ቀን «እማማ፣ ሱሉልታ ምን አለ በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግዱለት?» አልኳቸው። እንዲህ ያለው ቀልድ ከሌላ ሰው ጋር ያጣላል። እሳቸው ግን ሳቁ። «ሱሉልታን አልፈሽ፣ ዓባይን ተሻግረሽ፣ ባሕሩን ዘልለሽ ካዕባን ታገኛለሽ። ሐጅ አቅም ላለው ነው የታዘዘው፤ እኔ አልሆነልኝም። ፊቴ ግን በየቀኑ ይሄዳል» አሉኝ። ስግደታቸውን ሲጨርሱ አንገታቸውን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ መልሰው እንደገና ሰላምታ ይሰጣሉ። በሁለቱ ትከሻ ላይ ሁለት መላእክት ተቀምጠዋል፤ አንዱ መልካሙን፣ አንዱ ክፉውን ይጽፋል። «አንቺም ጋ አሉ» አሉኝ፣ ትከሻዬን አሻግረው እያዩ። ክርስቲያን ነኝ ማለት አያስመልጥም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥ አንቀላፍቶ ትከሻዬ ላይ የሚደገፍ ተሳፋሪ ሲያጋጥመኝ፣ መልአክ የተደፈጠጠ እየመሰለኝ እሸማቀቅ ጀመር።

ሃይማኖታቸው ከየት እንደመጣ የነገሩኝ መብራት በጠፋ አንድ አመሻሽ ላይ ነው። በራፋቸው ላይ ተቀምጠናል፤ ፊታቸው በግማሽ ይታየኛል። ከመካ ወጣ ብሎ ተራራ አለ፣ ተራራው ላይ ዋሻ አለ አሉ። ነቢዩ ያኔ ነቢይ አልነበሩም፤ ነጋዴ ነበሩ፣ በአገሩ የታመኑ ሰው፣ ሕዝባቸው የጠረበውን ድንጋይ ማምለኩ የከበዳቸው። ዋሻው ውስጥ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር። አንድ ሌሊት በጨለማው ውስጥ አንድ ነገር መጣና «አንብብ» አላቸው።

«ማን?» አልኩ።

«ዝም በይ፣ እሳቸውም አላወቁም። ‹ማንበብ አልችልም› አሉ። ያዛቸው። ጨመቃቸው። ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል ለቀቃቸው። አንብብ!»

«አንብብ» እኔ ቀኑን ሙሉ የምለው ቃል ነው፤ «አይታየኝም፣ አላነብም» የሚለውም ቀኑን ሙሉ የምሰማው መልስ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቀልድበት ነበር። ያን አመሻሽ ግን ሳቄ አልመጣም፤ እማማ ሳይታወቃቸው አንጓዬን ይዘው፣ «ጨመቃቸው» ባሉ ቁጥር አብረው ይጨምቁኛል። ሦስት ጊዜ ሆነ አሉ። በሦስተኛው፣ በፈጠረው ጌታህ ስም አንብብ ብሎ የመጀመሪያውን ቃል ሰጣቸው። ነቢዩ ከተራራው ወርደው፣ እየተንቀጠቀጡ ቤታቸው ገብተው ሚስታቸውን «ሸፍኑኝ፣ ሸፍኑኝ» አሉ። ያበዱ መስሏቸው ነበር ነው የሚባለው።

«የጨመቃቸው ማን ነበር?»

«ጂብሪል ነዋ! የእናንተው ገብርኤል።»

የእኛው ገብርኤል። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር የምናነግሠው፣ ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣው፣ ሥዕሉ እናቴ ራስጌ የተሰቀለው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሰው ይዞ የሚጨምቅ እጅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ሃይማኖት በድንጋጤ ይጀመራል ብሎ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም። እማማ ግን የሚያኮራቸው ሌላው ነገር ነበር። «መጀመሪያ ያመነችው ሴት ናት» አሉ። «ሸፈነቻቸው፣ አረጋጋቻቸው፣ ከዚያ አመነች።» ቀጥለውም ነቢዩ አምላክ አንድ ነው ሲሉ መካ እንደጠላቻቸው፣ ተከታዮቻቸው መከራ ሲበዛባቸው ባሕር ተሻግረው ወደዚህ፣ ወደ ሐበሻ እንደተሰደዱ፣ ክርስቲያን ንጉሥ እንዳስጠለላቸው ነገሩኝ።

«እንግዲህ እኔም አንቺን ማስጠለሌ ውለታ መመለስ ነው» አሉ።

«ንጉሡ እኮ የቤት ኪራይ አልተቀበለም፣ እማማ።»

በሳቃቸው የጎረቤት ውሻ ጮኸ። እንዲህ ነበርን። ያስፈሩኛል፣ አስቃቸዋለሁ፣ ማግስቱን ደግሞ ልሰማ እሄዳለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ስለ መቃብር የነገሩኝ ምስር እየለቀሙ ነው፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው። ቀባሪዎቹ አፈሩን መልሰው ሲሄዱ የሞተው ሰው የጫማቸውን ኮቴ ይሰማል አሉ። ኮቴው እየራቀ፣ እየራቀ፣ ይጠፋል። ያኔ ሁለት መላእክት መጥተው ያስቀምጡትና ይጠይቁታል። ጌታህ ማን ነው? ሃይማኖትህ ምንድን ነው? ነቢይህ ማን ነው? «በዱንያ ላይ ያልያዘውን እዚያ ከየት ያመጣዋል?» ብለው ከምስሩ ድንጋይ አውጥተው ወረወሩ። እኔ የእድሜ ልኬን ቀብር ሄጃለሁ፤ ስመለስ ኮቴዬን የሚሰማ ሰው ትቼ እንደምሄድ አስቤ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ቀብር ስሄድ፣ ስመለስ በቀስታ ነው የምራመደው።

የሚፈሩት ግን መቃብሩን አልነበረም። የሚፈሩት ከዚያ በፊት ያለችውን አንዲት ደቂቃ ነው። ሙስሊም ሊሞት ሲል የመጨረሻ ንግግሩ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እንዲሆን ይመኛል፤ ከአላህ በቀር አምላክ የለም ማለት ነው። ሲያጣጥር አንደበቱ ስለሚከብደው፣ አጠገቡ ያለ ሰው በጆሮው ቀስ ብሎ ያስታውሰዋል። በል ተብሎ አይታዘዝም፤ በጭንቅ ላይ ያለ ሰው እምቢ እንዳይል ያስፈራል። አጠገቡ ሆኖ ማለት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ካለው ዝም ይባላል። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ከተናገረ፣ ውሃም ቢል፣ እንደገና ያስታውሱታል፣ የመጨረሻው እሷ እንድትሆን። ባላቸው የሞቱት ሆስፒታል ነው፣ እሳቸውን ውጪ ጠብቂ ብለዋቸው። «ምን ብሎ እንደሄደ አላውቅም» አሉኝ። ይህን ሲናገሩ ያየሁባቸውን ፊት ከዚያ በፊት አይቼባቸው አላውቅም። ከዚያ «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ሰው በሌለበት ቢሆንብኝ ትይልኛለሽ?»

ደነገጥኩ። እጄ ወደ ማተቤ ሄደ። «እማማ፣ እኔ እኮ…» አልኩና ቀረሁ። ቅዳሜ ለእናቴ ስልክ ደውዬ በቀልድ አስመስዬ ጠየቅኋት። እናቴ አልሳቀችም። «ያቺን ቃል ከአፍሽ እንዳታወጪ!» አለች፤ «ሦስት ጊዜ ያላት ሰልሟል፣ አለቀ! መመለሻም የለው።» ሽሮ ሜዳ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነበር ይህ፤ ልጆች ሆነን ለመደፋፈር ግማሿን ብለን እንሮጥ ነበር። ለእማማ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፍ አያሰልምም፣ ልብ ነው የሚያሰልመው። በቀቀን ብትለው ሰለመች? ደግሞ ቃሉ ሁለተኛ ግማሽ አለው፣ ነቢዩ መልእክተኛው መሆናቸውን መመስከር። እሱ ለራስሽ ስትፈልጊ ነው። እኔ የለመንኩሽ የመጀመሪያዋን፣ ለእኔ።» ነገሩ ገባኝ፤ ፍርሃቴ ግን የሚገባው ዓይነት አይደለም። ስለዚህ መውጫ ፈለግሁ። «አዛኑ ይልልዎታል፤ መጨረሻው እሷ አይደለች?» አልኩ። አዛን በየዕለቱ አምስት ጊዜ በማጉያ ሲጠራ እየሰማሁ ለምጄው ነበር፤ የሚያበቃው በዚያችው ቃል ነው። እማማ አዩኝ። «አዎ፣ መጨረሻው እሷ ናት» አሉ። አላስገደዱኝም። ባስገደዱኝ ይሻል ነበር።

ያ ዓመት ማስተር ፕላን የሚለው ቃል ከሰው አፍ የማይወርድበት ነበር። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ ማሳው ሊሄድ ነው ተባለ። ከግቢያችን ጀርባ ጤፍ የሚያርሱት ሰዎች ሰላምታቸውን አሳጠሩብኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኔ ከከተማው የተገፋሁ ነኝ፤ ለእነሱ ግን የከተማው እግር ነበርኩ። መጀመሪያ ታክሲ ውስጥ ሹክሹክታ መጣ፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የጎማ ጭስ። አንድ ጠዋት ስነቃ ቡራዩ ድምፅ አልነበራትም። የብየዳው ጩኸት የለም፣ ወፍጮው የለም፣ «አስኮ! ፒያሳ!» የሚሉት ረዳቶች የሉም። ዶሮ እንኳ የጮኸ አይመስለኝም። ስልኬን አነሳሁ፤ መስመር የለም። መብራትም የለም። አድማ ነው፣ ከቤት አትውጡ ተብሏል ብለው ጎረቤቶች በአጥር ላይ ነገሩኝ።

እማማ ከዚያ ሁለት ቀን በፊት ትኩሳት ይዟቸው ነበር። መስመሩ ሳይቋረጥ ለልጃቸው ደውዬ ስለነበር እንደታመሙ ታውቃለች፤ መንገዱ ግን ዝግ ነው። እየገባሁ ውሃ እሰጣቸዋለሁ፣ ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እይዛለሁ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ትራሳቸውን ሳቃና፣ ዓይናቸውን ገለጡና ወደ በሩ ዞረው «ወአለይኩሙ ሰላም» አሉ። በሩ ዝግ ነው። ይህ የሰላምታ መልስ ነው እንጂ ሰላምታ አይደለም፤ ይህን ያህል ተምሬያለሁ።

«ማን መጣ፣ እማማ?»

«አልሰማሽም?» አሉኝ፣ እያዘኑልኝ ይመስል። ከዚያ ዓይናቸው ከበሩ ተነሥቶ ክፍሉን ቀስ ብሎ አቋርጦ፣ ፍራሹ ግርጌ ላይ ቆመ። እዚያው ቀረ። እኔም ግርጌው ጋ የነበረውን ወንበር ሳላስበው ገፋ አደረግሁት፣ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቅ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከእኔ ሌላ ሰው ማግኘት አለብኝ አልኩ፣ ሙስሊም የሆነ፣ ቃሉ የራሱ የሆነ ሰው። ቀኑ ገና እኩለ ቀን ነበር። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ወጥቼ ያየሁት መንገድ የማውቀው መንገድ ነው፤ ነገር ግን የማላውቀው ነበር። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። አንድ ሚኒባስ በሩ ተከፍቶ መንገዱ መሃል ቆሟል፣ ሹፌር የለም። አስፋልቱ ላይ አንድ እግር ጫማ አለ፣ የሴት፣ አዲስ። የራሴ ኮቴ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ ይሰማኛል፤ አንዳንዴም ከእኔ አንድ እርምጃ ዘግይቶ የሚቆም መሰለኝ። እማማ ዘይትና ስኳር የሚገዙበት ሙስሊም ባለሱቅ ጋ ደርሼ ቆርቆሮውን አንኳኳሁ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ የእማማ ተከራይ! እማማ እየሞቱ ነው!» መልስ የለም። ጆሮዬን ለጥፌ ሰማሁ፤ ከውስጥ ሰው ይተነፍሳል። ቆርቆሮው ወዲያ ማዶ፣ ልክ ጆሮዬ ጋ። እንደገና አንኳኳሁ፤ ትንፋሹ ቆመ። አልፈርድበትም፤ በዚያ ቀን በር የሚያንኳኳን ሰው ማን ይከፍትለታል? መስጊዱ ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። መስቀለኛው ላይ ስደርስ ከድንጋዩ ወዲያ የታጠቁ ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ቃል ሳይናገር በእጁ ወደ ኋላ አለኝ። ቆሜ ልለምን ፈለግሁ። እጁን እንደገና አነሳ። ተመለስኩ፤ እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም።

እማማ ከቅድሙ ተለውጠዋል። አፍንጫቸው ሹል ብሏል፣ እግራቸው ቀዝቅዟል። እንደነገሩኝ በቀኝ ጎናቸው አስተኝቼ ፊታቸውን ወደ ጋራው አዞርኩ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። አይለምኑም፤ አትዘዢ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ እኔንም አያዙኝም። ዝም ብለው ይጠብቁኛል። እኔ ደግሞ የማይሆነውን ሁሉ አልኩ። «አይዞዎት፣ አላህ አለ» አልኩ። «እግዜር ይማርዎት» አልኩ። ያቺን አንዲት ቃል አዛኑ እንዲልልኝ እጠብቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ያለችው የአስር ሶላት ትቀራለች፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ የምትደርስበትን ቦታ ስለማውቅ በዓይኔ እከተላታለሁ። መብራት ከሌለ ማጉያውም እንደሌለ፣ ሰው ካልወጣ የሚጠራም እንደሌለ ልቤ ያውቃል። ቢሆንም ጠበቅሁ። ብርሃኑ ቦታው ደረሰ። አለፈ። ከጋራው እስከ አስፋልቱ ድረስ ምንም ድምፅ የለም። እማማም ሰዓቱን ያወቁት መሰለኝ፤ ቅንድባቸው ትንሽ ተነሣ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ ከዚያ ወረደ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። በዚያ ከተማ ውስጥ ቃሉን የሚያውቅ፣ ደግሞም አጠገባቸው ያለ አንድ አፍ ብቻ አለ፤ እሱም የእኔ ነው።

ማተቤን በግራ እጄ ያዝኩት። ጎንበስ ብዬ ጆሮአቸው ላይ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። ጣራው አልተደረመሰም፣ ምድር አልተከፈተችም። ክፍሉ ግን፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ የሞላ መሰለኝ፤ ሰው ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ እንደቆመ። ቀና ብዬ አላየሁም። እማማ ትንፋሽ ወሰዱ፣ እና ጥርት አድርገው፣ ከቃሉ ምንም ሳያጎድሉ አሉት። አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። አንድ ጊዜ ካለው ዝም ይባላል ያሉኝን አስታውሼ ከንፈሬን ነከስኩ።

እንዲህ ሆነን ቆየን። ትንፋሻቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። አለቀ ስል ዓይናቸውን ገለጡ። ፊቴን ፈልገው አገኙት።

«ምሳ በላሽ?» አሉኝ።

አቤት እማማ! ያን ሁሉ መንገድ ሄደው፣ በሩ ላይ ደርሰው፣ ስለ እኔ ምሳ ተመለሱ። አሁን የመጨረሻው ንግግር ይኸው ሆነ፣ በእኔ ምክንያት። ከዚያ በኋላ ፍርሃት የሚባል አልቀረኝም፤ የቀረኝ ችኮላ ብቻ ነው። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አልኩ። ማተቤን ለቅቄ በዚያው እጄ ጉንጫቸውን ያዝኩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልነበረውም። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ሙቀት ተሰማኝ፣ ቃል አልሰማሁም። ከዚያ ሙቀቱም ቆመ። እናቴ ያስፈራራችኝን ሦስተኛውን ያልኩት ሰሚ ከሌለ በኋላ ነው፤ አራተኛም፣ አምስተኛም ብያለሁ መሰለኝ። ማተቤ ዛሬም አንገቴ ላይ አለ፤ ጾሜንም እጾማለሁ። ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ዓይናቸውን ከደንኩ፣ በነጠላዬ ሸፈንኳቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ልጃቸው ናት። ጎህ ሲቀድ ከሰበታ ተነሥታ በገጠሩ በኩል፣ በማሳ ለማሳ በእግሯ መጥታለች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ እጇ ላይ ፌስታል ይዛለች። ፊቴን አይታ ነገሩን አወቀችው። ገብታ ነጠላውን ገለጠች፣ እናቷን ግንባራቸው ላይ ሳመች፣ እኛ የአላህ ነን ወደ እሱም ተመላሾች ነን የሚለውን አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አጠገቧ ማን ነበር?»

«እኔ።»

ዓይኗ አንገቴ ላይ አረፈ። «መንገዱን ሁሉ እያልኩላት ነው የመጣሁት» አለች። «ማንም ከሌለ ብዬ።»

«ብያቸዋለሁ።»

«ብለሻታል?» አለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፦ «አለችው?»

«አሉት። ጥርት አድርገው።»

«ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልተናገረችም?»

አይ ብል ነገሩ ያበቃ ነበር፤ እሷም ተጽናንታ፣ እኔም አርፌ። ግን የእናቷ ነገር ነው፣ የእኔ አይደለም። «ተናግረዋል» አልኩ። «ምሳ በላሽ አሉኝ። እንደገና አልኩላቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል፣ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ያለውን ነው የምነግርሽ።»

በእኔ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ወይ ትጮኻለች፣ ወይ ትወድቃለች። እናቷን አየች፣ እኔን አየች።

«ታዲያ በላሽ?»

«አልበላሁም።»

ፌስታሏን ፈታች። ለእናቷ ብላ የያዘችው ዳቦ ነበር፣ መንገድ ላይ ተጨፍልቋል። ከመሃሉ ቆርሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ብዪ» አለች። «ጠይቃሽ ነው የሄደችው።»

እማማ ፊት ተቀምጬ በላሁ። ልጃቸው ከፊቴ ቁጭ ብላ ስጎርስ ስውጥ ታየኝ ነበር። እስክጨርስ ድረስ አላለቀሰችም።